የባሕር ኤሊዎች ሳይታሰብ በመረብና በመንጠቆ ሲያዙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መረብ የሚጥል ሰው የሚፈልገው ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ነው። ኤሊ አይፈልግም፤ ብትገባበትም መረቡን ትቀድበታለች፣ የሥራ ሰዓቱን ትወስድበታለች። ያም ሆኖ ዛሬ የባሕር ኤሊዎችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ማንም ያላሰበው መያዝ ነው። ዓሣ አጥማጆች፣ ተማሪዎችና ዓሣ ገዝተው የሚበሉ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሊ የባሕር እንስሳ አይደለችም እንዴ? እንዴት ውኃ ውስጥ ታፍና ትሞታለች?

ኤሊ የምትተነፍሰው እንደኛው በሳንባ ነው። አየር ለመሳብ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ተረጋግታ ባሕሩ ወለል ላይ ስትተኛ ልቧ ዝግ ብሎ ስለሚመታ ለሰዓታት ሳትተነፍስ መቆየት ትችላለች። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ መረብ ውስጥም እንደዚያው የምትቆይ ይመስለዋል።

መረብ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለማምለጥ ባላት ኃይል ሁሉ ትታገላለች። በትግሉ የያዘችው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፣ ጡንቻዋ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፣ ደሟም አሲዳማ ይሆናል። ወደ ላይ ካልወጣች መጀመሪያ ራሷን ትስታለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ከመረብ ወጥታ ወዲያው የተለቀቀች ኤሊ እንኳ ከዚህ ድካም ለማገገም ብዙ ሰዓት ያስፈልጋታል፤ በዚያ መሃል ሌላ መረብ ከገጠማት የመትረፍ ዕድሏ በጣም ያነሰ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 ያወጣው ሪፖርት ይህን በደቂቃ አስቀምጦታል። መረቡ የሚጎተትበት ጊዜ ከ60 ደቂቃ በታች ሲሆን የሚሞቱት ኤሊዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሞቱ በፍጥነት ይጨምራል፤ ጉተታው ከ200 ደቂቃ ሲያልፍ ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ከዚህ በታች የምናነሳቸው መፍትሔዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚህ እውነታ ነው፦ ኤሊዋ በጊዜ አየር ካገኘች ትተርፋለች።

የሚያዙት የትኞቹ ዝርያዎች ናቸው?

በዓለም ላይ ያሉት ሰባቱም። አረንጓዴ ኤሊ፣ ሎገርሄድ፣ ሌዘርባክ፣ ሆክስቢል፣ ኦሊቭ ሪድሊ፣ ኬምፕስ ሪድሊ እና በአውስትራሊያ አካባቢ ብቻ የምትገኘው ፍላትባክ ናቸው። የትኛዋ በምን እንደምትያዝ የሚወስነው በአብዛኛው የምትበላው ነገርና የምትውልበት ጥልቀት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የትኛው ማጥመጃ ነው?

እንደ ባሕሩና እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ የለም። በጣም የታወቁት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ጎታች መረብ ነው፤ በተለይ ሽሪምፕ ለመያዝ ባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚሄደው። አፉ ሰፊ፣ ጅራቱ ጠባብ ከረጢት ነው። ኤሊዋ ከፊቱ እየዋኘች ለማምለጥ ትሞክራለች፤ ሲደክማት መረቡ ይደርስባትና ወደ ጅራቱ ትወርዳለች። ከዚያ መረቡ እስኪወጣ ድረስ አየር የለም።

ሁለተኛው ረጅም የመንጠቆ ገመድ ነው። ለቱናና ለስዎርድፊሽ የሚዘረጋው ገመድ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች ይንጠለጠሉበታል። ሎገርሄድ መንጠቆው ላይ የተሰካውን ስኩዊድ (ሰውነቱ ለስላሳ የሆነ የባሕር እንስሳ) ልትበላ ስትል መንጠቆውን ትውጠዋለች። ሌዘርባክ ዋና ምግቧ ጄሊፊሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምትያዘው መንጠቆውን በመዋጥ ሳይሆን መቅዘፊያዋ ላይ (የምትዋኝበት የፊት እግሯ ላይ) ተወግታ ወይም በገመዱ ተጠላልፋ ነው። ገመዱ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ ከተዘረጋ ኤሊዋ እየጎተተችውም ቢሆን ወጥታ መተንፈስ ትችላለች፤ በጥልቀት ከተዘረጋ ግን እዚያው ትቀራለች።

ሦስተኛው ውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚያድረው መረብ ነው። ርካሽ ስለሆነ ትንንሽ ጀልባዎች በየባሕሩ ዳርቻ ይጠቀሙበታል። ቀጭኑ የናይለን ክር በጨለማ አይታይም። ኤሊዋ አንገቷ ወይም መቅዘፊያዋ ሲያዝ ለመላቀቅ ትዞራለች፤ በዞረች ቁጥር ክሩ ይጠመጠምባታል። መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት የሚነሣ ከሆነ የሚጠብቃት ጊዜ ረጅም ነው።

ከነዚህ ሌላ ሰው የማያስባቸው ማጥመጃዎችም አሉ። ባሕር ወለል ላይ የሚቀመጡ የሎብስተርና የቀንድ አውጣ ወጥመዶች ከእያንዳንዳቸው እስከ ላይኛው ተንሳፋፊ የሚደርስ ገመድ አላቸው። በ1988 በዌልስ ሃርሌክ የባሕር ዳርቻ ሞቶ የተገኘው ወንድ ሌዘርባክ እስከ ዛሬ ከተመዘኑት የባሕር ኤሊዎች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር፣ ርዝመቱም ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የገደለው እንዲህ ያለ የወጥመድ ገመድ ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ እንስሳ በአንድ ገመድ ታስሮ አየር አጥቶ ሞተ። አስከሬኑ ዛሬም በካርዲፍ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል።

በዓመት ስንት ኤሊዎች ይያዛሉ?

በ2010 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ1990 እስከ 2008 ድረስ ሪፖርት የተደረጉትን ሰብስቦ 85,000 ገደማ ኤሊዎች አግኝቷል። ይህን ቁጥር ብቻውን ማንበብ ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ ታዛቢ ተሳፍሮባቸው መዝገብ የተያዘላቸው የማጥመድ ሥራዎች ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከትንንሽ ጀልባዎች ደግሞ የመጣ መረጃ አልነበረም ማለት ይቻላል። አጥኚዎቹ ራሳቸው እውነተኛው ቁጥር በሚሊዮኖች ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ለሜዲትራኒያን ባሕር ብቻ በ2011 የወጣ ግምት በዓመት ከ132,000 በላይ ኤሊዎች እንደሚያዙና ከነዚህም ከ44,000 በላይ እንደሚሞቱ ያሳያል። ከተያዙት ብዙዎቹ በሕይወት እንደሚወጡ ከዚህ ማየት ይቻላል፤ ጀልባው ላይ የሚደረግላቸው ነገር ትልቅ ልዩነት የሚያመጣውም ለዚህ ነው።

አንዲት ኤሊ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ጥቂቶች መረብ ውስጥ ቢሞቱ ይህን ያህል ይጎዳል?

አዎ፣ በጣም ይጎዳል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ ብዙ የሆነው ከሚፈለፈሉት ውስጥ ለአቅመ እናትነት የምትደርሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነች ነው፤ በተለምዶ ከሺህ አንዷ ይባላል። የደረሰችውም በአንድ ጀንበር አልደረሰችም። ሎገርሄድ እንቁላል ለመጣል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። መረብ ውስጥ የምትሞተው ያን ሁሉ ዓመት ከወፍም፣ ከሸርጣንም፣ ከሻርክም ያመለጠችው ናት።

ዴቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሃል ካስዌል በ1987 ባወጡት ስሌት የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካን ሎገርሄዶች መርምረው ነበር። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ እንቁላል ሁሉ አንድም ሳይቀር ቢተርፍ እንኳ ቁጥራቸው መቀነሱን እንደማያቆም አገኙ። ባሕር ውስጥ ያሉት ትልልቅ ታዳጊዎች ሞት ሲቀንስ ግን ቁጥሩ ማንሰራራት ይጀምራል። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ጥረት ጎጆ መጠበቅ ላይ ስለነበር ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል።

የኬምፕስ ሪድሊ ታሪክ ይህንኑ በተግባር ያሳያል። በ1947 በሜክሲኮ ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ የተቀረጸ ፊልም በአንድ ቀን ወደ 40,000 የሚገመቱ እናቶች አሸዋው ላይ ወጥተው ሲጥሉ ያሳያል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ በጭነት ተለቀመ፣ የሽሪምፕ መረቦችም በሜክሲኮና በአሜሪካ ዳርቻ እየበዙ ሄዱ። ሜክሲኮ ከ1966 ጀምሮ ዳርቻውን መጠበቅ ጀመረች፤ ቁጥሩ ግን መውረዱን ቀጠለ። በ1985 ዓመቱን ሙሉ የተቆጠሩት ጎጆዎች 702 ብቻ ነበሩ። አንዲት እናት በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለምትጥል እናቶቹ ጥቂት መቶ ብቻ ቀርተው ነበር ማለት ነው። ያንሰራሩት የዳርቻው ጥበቃ ሳይቋረጥ መረቦቹ ላይ የማምለጫ በር ከተገጠመ በኋላ ነው፤ በ2010ዎቹ በአንዳንድ ዓመታት ከ20,000 በላይ ጎጆዎች ተቆጥረዋል። ዝርያዋ አሁንም ከአደጋ አልወጣችም።

ይህ የማምለጫ በር የሚባለው ምንድን ነው?

ጎታች መረብ ላይ፣ ከጅራቱ ከረጢት ቀደም ብሎ፣ ዘንበል ተደርጎ የሚሰፋ የብረት ፍርግርግ ነው። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሽሪምፕ በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ኤሊዋ ፍርግርጉን ስትነካ በዘንበሉ ላይ ተንሸራትታ ከላይ ወይም ከታች ወደተተወው ቀዳዳ ትሄዳለች፤ ቀዳዳው ላይ የተንጠለጠለውን የመረብ መጋረጃ ገፍታ ትወጣለች።

ሐሳቡ የመጣው ከአጥማጆች መሆኑን ማወቅ ይገባል። በጆርጂያ ግዛት ሲንኪ ቡን የተባለ የሽሪምፕ አጥማጅ መረቡን እየሞላ ያስቸገረውን ጄሊፊሽ ለማስወጣት የሠራው ፍርግርግ ኤሊንም እንደሚያስወጣ ታየ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ብዙዎቹ የእሱ ዘር ናቸው። አሜሪካ በ1987 ደንብ አውጥታ የሽሪምፕ ጀልባዎች እንዲጠቀሙበት አዘዘች። አንድ ዓይነት በር ለመጽደቅ በሙከራ 97 በመቶ የሚሆኑትን ኤሊዎች ማስወጣት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ለሌዘርባክና ለትልልቅ ሎገርሄዶች ጠባብ ሆነው ስለተገኙ በ2003 እንዲሰፉ ተደርጓል።

በሩ ስለተገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ፍርግርጉ በጣም ቀጥ ብሎ ከቆመ ኤሊዋ ተጣብቃበት ትቀራለች፤ በጣም ከተኛ ደግሞ ሽሪምፑ በቀዳዳው ይወጣል። ብረቱ ከታጠፈ፣ ወይም ግንድና ሣር ከዘጋው፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ መጋረጃውን ሰፍቶ ከዘጋው ከሌለ አይሻልም። ዘንበሉን መረቡ ከመጣሉ በፊት መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ መዘለል የለበትም።

ሽሪምፑስ አብሮ አያመልጥም?

ጥቂት ያመልጣል። ይህን የሚክድ ሰው አጥማጆችን ማሳመን አይችልም። በሰሜን አውስትራሊያ የሽሪምፕ ጀልባዎች ላይ በሩ ግዴታ የሆነው በ2000 ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገ ሰፊ ሙከራ የተያዙት ኤሊዎች በ99 በመቶ ሲቀንሱ፣ በሩ ከትንንሽ ዓሣ ማስወጫ ጋር አብሮ ሲሠራ የሽሪምፑ ምርት የቀነሰው 6 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚህ ላይ የሚታሰብ ጥቅምም አለ፦ ትልልቅ ሬይ ዓሣዎች፣ ሻርኮች፣ ጄሊፊሽና ቆሻሻ ስለሚወጡ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሽሪምፕ አይጨፈለቅም፣ የሚለቅመው ሠራተኛም ይቀልለታል።

አጥማጆቹ መጀመሪያ ላይ መቃወማቸው አያስደንቅም። በ1989 በሐምሌ ወር በአሜሪካ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ላይ ጀልባዎቻቸውን ደርድረው መተላለፊያ ዘግተው ነበር። የሉዊዚያና ግዛት ሠራተኞቹ ደንቡን እንዳያስከብሩ በሕግ ከልክሎ ያ ሕግ እስከ 2015 ድረስ ቆይቷል። የኔ ግምት፣ ከቢሮ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ጀልባ ላይ አብሮ የሚሞክር ባለሙያ ቀድሞ ቢደርስላቸው ኖሮ ከዚያ ጠብ አብዛኛው ባልተነሣ ነበር። በሩን በትክክል መስፋት የሚያሳይ ሰው በተገኘበት ቦታ ተቀባይነቱ የተሻለ ነው።

አንድ አገር ሌላው በሩን እንዲጠቀም ማስገደድ ይችላል?

አሜሪካ በ1989 ባወጣችው ሕግ ተመጣጣኝ ጥበቃ ከሌላቸው አገሮች በጎታች መረብ የተያዘ ሽሪምፕ እንዳይገባ ከልክላለች። ሕንድ፣ ማሌዢያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ጉዳዩን ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት ወሰዱት። የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል በ1998 የሕጉን ዓላማ ተቀብሎ አፈጻጸሙ አድሏዊ ነው አለ፤ አሜሪካ አፈጻጸሙን ካስተካከለች በኋላ በ2001 ተቀባይነት አገኘ። ብዙ አገሮች በሩን በሕጋቸው ያስገቡት ይህን ገበያ ላለማጣት ነው።

መንጠቆ መቀየር ብቻውን ይረዳል?

ብዙ ይረዳል። የተለመደው መንጠቆ ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ኤሊዋ ከዋጠችው ጉሮሮዋን ወይም ሆዷን ይወጋል። ክብ መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ ስለዞረ ሲጎተት ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ ሳይሆን የአፍ ጠርዝ ይይዛል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለመዋጥ ያስቸግራል። የሚሰካው ምግብም ለውጥ ያመጣል። ስኩዊድ ስለማይቆረጥ ኤሊዋ እንዳለ ከነመንጠቆው ትውጠዋለች፤ ማኬሬል ዓሣ ግን በትንሽ በትንሹ እየቦጨቀች ስለምትበላው መንጠቆው ጋ ሳትደርስ ልትጨርሰው ትችላለች።

ሃዋይ ላይ የሆነው ይህን ያሳያል። የስዎርድፊሽ ማጥመድ በኤሊዎች ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ2001 ተዘግቶ ነበር። በ2004 ሲከፈት ትልቅ ክብ መንጠቆና ማኬሬል ግዴታ ሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ታዛቢ ተሳፈረ፣ የዓመት ጣሪያም ተቀመጠ፦ በዚያን ጊዜ 17 ሎገርሄድ ወይም 16 ሌዘርባክ ከተያዙ ማጥመዱ ለዚያ ዓመት ያበቃ ነበር። በ2006 የሎገርሄዱ ጣሪያ ገና በመጋቢት ስለሞላ ሁሉም ጀልባ ወደ ወደብ ተመለሰ። ከባድ ሕግ ነበር። ግን የሎገርሄድ መያዝ ከቀድሞው በ90 በመቶ፣ የሌዘርባክ ደግሞ በ83 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ማጥመዱም አልጠፋም።

የኔ ጀልባ ትንሽ ናት። እኔን ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?

ይመለከታል፤ የትንንሽ ጀልባዎች ድምር ከትልልቅ መርከቦች ላያንስ ይችላል። በ2007 የወጣ ጥናት በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር የሚሠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ብቻቸውን በዓመት ቢያንስ 1,000 ሎገርሄድ ይገድሉ እንደነበር አሳይቷል። እነዚያ ኤሊዎች የተፈለፈሉት ጃፓን ነው፤ ፓስፊክን ሙሉ አቋርጠው ሊመገቡ የመጡ ናቸው።

ለቆሞ አዳሪ መረብ እስካሁን ጥሩ ውጤት ካሳዩት ነገሮች አንዱ መብራት ነው። መረቡ ላይ በየጥቂት ሜትሩ ትንሽ አረንጓዴ ኤልኢዲ መብራት ሲንጠለጠል ኤሊዋ ግድግዳውን አይታ ትርቃለች። በፔሩ ሴቹራ ባሕረ ሰላጤ የተደረገ ሙከራ የአረንጓዴ ኤሊ መያዝን በ64 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ የሚፈለገውን ዓሣ ግን አልቀነሰም። በ2022 የታተመ የባሃ ካሊፎርኒያ ሙከራ ደግሞ ሳይፈለግ የሚያዘውን ሁሉ በ63 በመቶ፣ ሻርክና ሬይን በ95 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ መረቡን ለማውጣትና ለማጽዳት የሚወስደውንም ጊዜ በግማሽና ከዚያ በላይ አሳጥሯል። ይህ የመጨረሻው ለአጥማጁ ትልቅ ነገር ነው። የሚያስቸግረው የመብራቱና የባትሪው ዋጋ ነው፤ ይህን ወጪ ለብቻው ትንሹ ጀልባ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

መብራት ከሌለ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። መረብዎን ቶሎ ቶሎ ይጎብኙ። ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ከዳርቻው ይራቁ። ሕንድ ውስጥ የኦዲሻ ግዛት ከኅዳር እስከ ግንቦት በዳምራ፣ በዴቪና በሩሺኩልያ ወንዞች መግቢያ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ በሞተር ማጥመድን የሚከለክለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኦሊቭ ሪድሊዎች በአንድ ላይ ለመጣል እዚያ ስለሚሰበሰቡ ነው።

ኤሊ ይዤ ባገኝስ? መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሞተሩን ያቀዝቅዙ፤ ገመዱ ላይ ውጥረት አያድርጉ። መንጠቆ ያለባትን ኤሊ በገመዱ ጎትቶ ማንሣት ሥጋዋን ይበጥሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ከሆነች በእጀታ መረብ ከሥር ደግፈው ያንሷት፣ ወይም የቅርፊቷን የፊትና የኋላ ጠርዝ በሁለት እጅ ይያዙ። በመቅዘፊያዋ ወይም በጅራቷ አያንጠልጥሏት። ትልቅ ሌዘርባክ ጀልባ ላይ አትወጣም፤ ከጎን አቅርበው ረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ መቁረጫ ገመዱን ሁሉ ይቁረጡላት።

መንጠቆው የሚታይና ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ጫፉን በፒንሳ ቆርጠው ቀሪውን ወደ ኋላ ያውጡት። ከተዋጠ አይጎትቱት። ገመዱን እስከሚችሉት ድረስ ወደ መንጠቆው ቀርበው ይቁረጡ። ለምን መሰልዎ? አንዳንድ ኤሊ መንጠቆ በሆዷ ይዛ ልትኖር ትችላለች፤ ገዳዩ ብዙ ጊዜ ከኋላው የሚቀረው ረጅም ክር ነው። ክሩ አንጀቷ ውስጥ ሲገባ አንጀቷን ይሸበሽበዋል፣ ይቆርጠዋልም።

ስትለቋት ማጥመጃው ከውኃ ወጥቶ፣ ሞተሩ ማርሽ ሳይገባ መሆን አለበት። ወደ ውኃው ቀርበው ጭንቅላቷን አስቀድመው ቀስ አድርገው ያስገቧት፤ ከጀልባው መራቋን ሳያዩ አይንቀሳቀሱ።

የማትንቀሳቀስ ከሆነስ? ሞታለች ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ኤሊ ሞታለች ተብላ ወደ ባሕር ተመልሳ ተጥላለች፤ ራሷን የሳተች ኤሊ ወደ ውኃ ስትጣል ግን በእርግጥ ትሰምጣለች። ዓይኗን በጣት ዳር ቀስ ብለው ይንኩ፣ ጅራቷንም ቆንጠጥ ያድርጉ። ትንሽ እንኳ ከተኮማተረች በሕይወት አለች። ምላሽ ባትሰጥም ተስፋ አይቁረጡ።

በሆዷ ያስተኟት፤ በጀርባዋ በፍጹም አይገልብጧት። የኋላ ክፍሏ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከሥሩ የተጠቀለለ ገመድ ወይም ጎማ ያድርጉ፤ ሳንባዋ ውስጥ የገባው ውኃ በአፏ የሚወርደው እንዲህ ነው። በየጊዜው የቅርፊቷን ጠርዝ ይዘው አንዱን ጎን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥተው ይመልሱ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ጥላ ውስጥ ትሁን፤ እርጥብ ጨርቅ ቅርፊቷና መቅዘፊያዎቿ ላይ ያድርጉ፣ አፍንጫዋን ግን አይሸፍኑ። ውኃ ያለበት ገንዳ ውስጥ አያስገቧት፤ ደረቷንም እየረገጡ ውኃ ለማውጣት አይሞክሩ። ዓይኗንና ጅራቷን በየጥቂት ሰዓቱ መልሰው ይፈትኑ። መመሪያዎቹ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ካስፈለገ እስከ 24 ሰዓት መጠበቅን ያዝዛሉ። ጀልባ ላይ ሥራ ሞልቶ ይህን ማድረግ ከባድ እንደሆነ እንረዳለን። ሆኖም ከሰዓታት በኋላ ጥልቅ ትንፋሽ ስባ ራሷን ቀና የምታደርግ ኤሊ ብዙ አለች።

በደንብ ዋኝታ ከሄደች ተርፋለች ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። እስከ 2014 ድረስ ሳይንቲስቶች የባሕር ኤሊ እንደ ጠላቂ ሰው ደም ውስጥ በሚፈጠር የጋዝ አረፋ አትጎዳም ብለው ያምኑ ነበር። በዚያ ዓመት በስፔን ቫሌንሲያ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ከጎታችና ከቆሞ አዳሪ መረብ የወጡ ሎገርሄዶችን መርምረው በደም ሥሮቻቸውና በአካላቸው ውስጥ አረፋ አገኙ። መረቡ ከጥልቀት ፈጥኖ ሲወጣ ኤሊዋ ከድንጋጤና ከትግል ጋር አብራ ትወጣለች፤ አረፋው የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ጀልባ ላይ ንቁ የነበረች ኤሊ ከሰዓታት በኋላ ልትደክምና ልትሞት ትችላለች። የአየር ግፊቱ ከፍ በሚደረግበት የሕክምና ክፍል ታክመው የዳኑ አሉ። ስለዚህ በአቅራቢያ የኤሊ ማገገሚያ ማዕከል ካለ ከጥልቅ ውኃ የወጣችውን ወዲያው ከመልቀቅ በፊት መደወሉ የተሻለ ነው።

የጠፋ ወይም የተጣለ መረብስ?

ናይለን ባሕር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይበሰብስም፤ ባለቤት የሌለው መረብም መያዙን አያቆምም። የተጠላለፈ ዓሣ ሌላ ይስባል፣ ኤሊዋም ያንን ልትበላ ወይም ጥላው ሥር ልታርፍ ትመጣለች። በሰሜን አውስትራሊያ ካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ከሩቅ የተንሳፈፉ መረቦች ዳርቻው ላይ በብዛት ይወጣሉ፤ ውስጣቸው ከሚገኙት ኤሊዎች ብዙዎቹ ኦሊቭ ሪድሊ ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች በ2018 ማጥመጃዎች የባለቤታቸው ምልክት እንዲኖራቸው የሚያሳስብ መመሪያ ተቀብለዋል። መረብ ሲጠግኑ የሚቆርጡትን ቁራጭ ክር ጀልባ ላይ በከረጢት ይሰብስቡ፤ ለትናንሽ ኤሊዎች እሱም ይበቃል።

ሳላስበው የሞተችውን ኤሊ መሸጥ እችላለሁ?

አይቻልም ብለው ይነሡ። የባሕር ኤሊዎች ሁሉ ለመጥፋት በተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት አባሪ 1 ውስጥ ስለሆኑ ሥጋቸውንም ሆነ ቅርፊታቸውን ለንግድ ከአገር አገር ማሻገር ክልክል ነው፤ በብዙ አገሮች የአገር ውስጥ ሕግም ይከለክላል። የሞተችውን ለአካባቢው የዓሣ ሀብት ቢሮ ማሳወቁ ይሻላል፤ መለኪያዋና የሆዷ ይዘት ለአጥኚዎች ብዙ ይናገራል።

እኔ ዓሣ ገዝቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ የኔ ድርሻ ምንድን ነው?

ሻጩን በምን እንደተያዘ ይጠይቁት። በዘንግና በነጠላ መንጠቆ ቱና ሲያዝ ኤሊ የምትሞትበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። በጎታች መረብ የተያዘ ሽሪምፕ ከሆነ የማምለጫ በር ከሚያስገድድ አገር መምጣቱን ይጠይቁ። ሻጩ መጀመሪያ ላይ መልስ ላይኖረው ይችላል፤ ጥያቄው ሲደጋገም ግን ወደ አቅራቢው ይዞት ይሄዳል።

መቅዘፊያዋ ላይ የብረት ምልክት ያለባት ኤሊ ብትያዝስ?

ያ አጥኚዎች ያሰሩት ቁጥር ነው። በሕይወት ካለች ምልክቱን አይንቀሉት፤ ቁጥሩንና ጀርባው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ይጻፉ ወይም ፎቶ ያንሱ፣ ቀኑንና ቦታውን ይመዝግቡ፣ የቅርፊቷን ርዝመት ከቻሉ ይለኩ፣ ከዚያ ይልቀቋት። መረጃውን ምልክቱ ላይ ወዳለው አድራሻ ወይም ወደ ዓሣ ሀብት ቢሮ ይላኩ።